ታንታንን ከልጄ ልደብቅ?

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንሳይኛ የምትማረው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከመደርደሪያዬ አንድ የቆየ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ጥቁሮቹን ለምን እንዲህ አስቀያሚ አድርጎ ሣላቸው?» አለችኝ። «ታንታን በኮንጎ» ነበር። በእሷ ዕድሜ እየሳቅሁ ያነበብኩት መጽሐፍ ነው፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። አፍሬ ዝም አልኩ።

ማታ ስለ ሠዓሊው አጫወትኳት። ኤርዤ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ዦርዥ ሬሚ በ1907 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቤልጂየም ውስጥ ተወለደ። ታንታንንና ውሻውን ሚሉን በ1929 በአንድ ጋዜጣ የልጆች ዕትም ላይ ጀመረ። ኮንጎን የሣላት ሳይረግጣት፣ ቅኝ ገዢዎቹ የሚያወሩትን ይዞ ነው።

በ1934 ቻንግ ቾንግ ጄን ከተባለ ቻይናዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ቻንግ አገሩን በሚገባ ስላሳወቀው፣ «ሰማያዊው ሎተስ» ላይ ቻይናውያንን እንደ ሰው ሣላቸው። ጃፓኖቹን ግን አሁንም አበላሻቸው።

ጀርመኖች ቤልጂየምን ሲይዙ፣ በእነሱ ቁጥጥር ሥር በነበረው «ለ ሷር» ጋዜጣ ሠራ። በ1944 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ለዚሁ ተያዘ፤ ለጊዜውም ከጋዜጣ ሥራ ታገደ። በ1946 የኮንጎውን መጽሐፍ እንደገና ሲያወጣ፣ ታንታን ለኮንጎ ልጆች አገራቸው ቤልጂየም እንደሆነች የሚያስተምርበትን ገጽ በሒሳብ ትምህርት ተካው። የሰዎቹን መልክ ግን አላቀናም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ትዳሩ ሲናጋና ቅዠት እንቅልፍ ሲነሳው «ታንታን በቲቤት»ን ሠራ። በዚህ መጽሐፍ ታንታን፣ ሁሉም ሞቷል ብለው ተስፋ የቆረጡለትን ቻይናዊ ወዳጁን ፍለጋ በረዶውን ያቋርጣል። የወዳጁም ስም ቻንግ ነው። ኤርዤ ራሱ ለብዙ ዓመታት የተለየውን ቻንግን በ1981 ብራስልስ ላይ አገኘው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሞተ።

«ታዲያ ጥሩ ሰው ነው መጥፎ?» አለችኝ።

«ያላየውን ሰው ሲሥል አጠፋ፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲማር ጥሩ ሠራ። ሁሉንም ግን አላረመም» አልኳት።

ወላጆች ሆይ፣ መጽሐፉን አልጣልኩትም። ልጅ የተደበቀበትን ነገር ብቻውን ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም። የኮንጎውን አብረን እናነባለን፤ ገጹን እየገለጥን ውሸቱን እነግራታለሁ። የቲቤቱን ግን አልጋዋ ላይ ይዛው ተኝታለች።