የሚያቅማማ ሞተርና የተረሳው የመልስ መንገድ
በአሮጌ ቮልስዋገኖች ላይ የሚታይ የማሳ ችግር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው አካባቢ፣ በተለይም የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያው በ2013 ዓ.ም. ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ፣ ተሽከርካሪዎች ጥቂት ሜትር ሄደው የሚቆሙበት፣ ቆመውም እንደገና የሚንፏቀቁበት ሰዓት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ለአሮጌ ሞተር ከባድ ፈተና ነው። በቀለበት መንገድ ላይ ደኅና ይሄድ የነበረ ቮልስ እዚህ ሲደርስ ይንተፋተፋል፤ ነዳጅ ሲረግጡት ለአፍታ ያቅማማና በድንገት ይስፈነጠራል፤ አንዳንዴም ጭነት የያዘ አይሱዙ ከኋላው እየተጠጋው ጭራሽ ይጠፋል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ካርቡራተሩን ነው። ካርቡራተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፤ ካንዴላው ይለወጣል፤ ፑንቲናው ይስተካከላል። ገንዘቡ ይወጣል፣ መኪናው ግን በሳምንቱ ያው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና በአግባቡ መርምሮ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚታለፈውን አንድ ምክንያት፣ ይኸውም መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል «ማሳ» የሚሉትን የኤሌክትሪክ የመልስ መንገድ እንመለከታለን።

ምሳሌያችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ የታወቀው ቮልስዋገን ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራለት ይህ መኪና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥቷል። ከሩጫ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለው የመጀመሪያው የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ ሞዴል 356፣ አብዛኛውን ዕቃ የተዋሰው ከቮልስ መሆኑን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የተሠራው ውቡ ካርማን ጊያም ቢሆን ከላዩ የስፖርት መኪና ቅርጽ ይልበስ እንጂ ሆዱ ቮልስ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች የምንለው በመሠረቱ ለእነዚህም ይሠራል።

ከባትሪ አዎንታዊ ጫፍ የሚወጣ ኮረንቲ ሥራውን ሠርቶ ወደ አሉታዊው ጫፍ መመለስ አለበት። መኪና ሠሪዎች ለእያንዳንዱ አምፖልና ዕቃ ሁለት ገመድ ከመዘርጋት ይልቅ የመኪናውን ብረት አካል የመልስ ገመድ አደረጉት። ዘዴው ብልኅ ነው፤ ነገር ግን በቮልስ ላይ አንድ ደካማ ቦታ አለው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ሆኖ ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በብሎን የተያያዘ ሲሆን፣ ካምቢዮው ግን ንዝረት እንዳያስተላልፍ በጎማ ላይ ተቀምጧል። ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ እንዲያገናኝ የታሰበው አንድ ከቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተጎነጎነ አጭር ገመድ ብቻ ነው። ቦታው ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በካምቢዮው የፊት ጫፍ በኩል ነው፤ የክረምት ጭቃና ውኃ ሲመታው ይኖራል። መዳቡ ይዝጋል፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፣ ከብሎኑ ሥር ያለው ብረትም ዝገት ይበላዋል።

እዚህ ላይ የኦም ሕግን እናምጣ። የዚህ ገመድ ሬዚስታንስ ከዝገት የተነሣ 0.4 ኦም ደረሰ እንበል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም 12 ቮልት በ0.4 ኦም ሲካፈል 30 አምፔር ስለሚሆን፣ ሞተሪኖው የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን በዚህ መንገድ ከ30 አምፔር በላይ አያገኝም። ሞተር ለማዞር የሚያስፈልገው ግን ከ100 አምፔር ይበልጣል። ውጤቱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ጠቅ ይላል፣ አይዞርም። «ባትሪው ሞቷል» ይባልና ሰፈርተኛው ተጠርቶ ይገፋል። ቮልስ ደግሞ ሲገፋ የሚነሣ ደግ መኪና ነው፤ ከተነሣ በኋላ ችግሩ የተረሳ ይመስላል።

አልተረሳም። ቦቢናው፣ ፑንቲናው፣ እንዲሁም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ካርቡራተሮች ላይ ያሉት የሚኒሞ ቤንዚን መዝጊያ ኤሌክትሮማግኔትና የማሞቂያ ጥቅል፣ ኮረንቲያቸውን የሚመልሱት በሞተሩ ብረት በኩል ነው። የሁሉንም ድምር በግምት 5 አምፔር ብናደርገው፣ በ0.4 ኦም ላይ 2 ቮልት ይባክናል፤ ለቦቢናው የሚተርፈው 10 ቮልት ነው። በቦቢና ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት የሚለካው በኮረንቲው ስኩዌር በመሆኑ፣ ይህች የ2 ቮልት ጉድለት የእሳት ብልጭታውን ጉልበት 30 በመቶ ያህል ትቀንሰዋለች። ቀደምት ቮልሶች የሚሠሩት በ6 ቮልት ስለነበር በእነዚያ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ 2 ቮልት የ12 አንድ ስድስተኛ ሲሆን የ6 ግን አንድ ሦስተኛ ነውና።

ታዲያ መኪናው በቀለበት መንገድ ላይ ለምን ደኅና ይሄዳል? ለእኛ የዚህ ጉዳይ እጅግ ማራኪው ክፍል ይህ ነው። የድሮው ዲናሞ በሚኒሞ ላይ የሚረባ ኮረንቲ አይሰጥም፤ መኪናው ቆሞ ሲጠብቅ ቦቢናው የሚመገበው ከባትሪ ነው፤ ኮረንቲው ለመመለስ የታመመውን ገመድ የግድ ይሻገራል። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ግን ዲናሞው ሥራውን ይረከባል። ዲናሞው ራሱ የተገጠመው ሞተሩ ላይ በመሆኑ፣ ወደ ቦቢናው የላከው ኮረንቲ በሞተሩ ብረት በኩል በአጭሩ ይመለስለታል፤ ያን ገመድ መሻገር አያስፈልገውም። ስለዚህ ሕመሙ የሚገለጠው ከሚኒሞ ወደ ፍጥነት በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው፤ ሀይሌ ጋርመንት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜ በሚደገመው በዚያው ቅጽበት ማለት ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ተራ ቴስተር ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው ገመዱን በመለካት ነው። ቴስተሩ ለመለኪያ የሚልከው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከመቶ ክሮች አንዲቱ ብቻ ብትቀር እንኳ «ደኅና ነው» ይላል፤ የራሱ የመለኪያ ሽቦዎች ሬዚስታንስም ከሚፈለገው ቁጥር ሊበልጥ ይችላል። ገመዱ መፈተን ያለበት ሸክም ተሸክሞ እያለ ነው። በመጀመሪያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል። ሞተሩ እንዳይነሣ ከቦቢና የሚመጣው መካከለኛ ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ተነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዛል። ቴስተሩ በዲሲ ቮልት ላይ ይደረግና ቀዩ ጫፍ የካምቢዮውን ንጹሕ ብረት፣ ጥቁሩ ደግሞ የባትሪውን አሉታዊ ምሰሶ ራሱን ይነካል፤ ማሰሪያውን አይደለም። ሌላ ሰው ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንድ ያዞራል። ንባቡ 0.2 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መንገዱ ጤናማ ነው፤ ከ0.5 ከበለጠ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ካለና ንባቡ ወደ ባትሪው ሙሉ ቮልቴጅ ከተጠጋ ገመዱ ከመበጠስ አይለይም። ከዚያም ጥቁሩን ጫፍ ወደ መኪናው አካል በማዛወር ችግሩ ከካምቢዮው ገመድ ይሁን ከባትሪው መለየት ይቻላል።

ጥገናው ቀላል ነው። ገመዱ በአዲስ ይተካል፤ የሚያርፍባቸው ሁለቱ ቦታዎች ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃሉ፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ እርጥበት እንዳይገባ ከላይ ግሪስ ይቀባል። ቀለም እንደ ጎማው ሁሉ ኮረንቲ አያስተላልፍም። መኪናን ከነማሰሪያ ብሎኖቹ አሳምሮ ቀለም መርጨት ለዓይን ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ እንቆቅልሽ የሚፈታው ግን ቀለም ቀቢው አይደለም።

ገመዱ ጨርሶ ከተበጠሰ ሌላ አደጋ ይመጣል። ኮረንቲ ያገኘውን የብረት መንገድ ሁሉ ይጠቀማልና ሞተሪኖው ሲዞር በነዳጅ መስጫውና በፍሪሲዮኑ ቀጭን ሽቦ በኩል ለመመለስ ይሞክራል። ሽቦው ይግላል፤ ውሎ አድሮም ሊጣበቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ያለ ምክንያት የከበደበት የቮልስ ባለቤት ሽቦውን ከመለወጡ በፊት ማሳውን ቢያይ መልካም ነው።

የኤሌክትሪኩ መንገድ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ ሞተሩ አሁንም ካቅማማ ወደ ካርቡራተሩ መሄድ ተገቢ ነው። ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ አየር ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚን ግን ከአየር ስለሚከብድ ይዘገያል። ይህን ክፍተት የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ካርቡራተሩ ላይ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ ነዳጅ መስጫውን በእጅ ሲገፉት ቀጥ ያለ የቤንዚን ፍንጣቂ ካልታየ የፓምፑ ስስ ሽፋን ተቀድዷል ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር አየሩ በሳሳ መጠን ቤንዚኑን እኩል አይቀንስም፤ ጉድለቱን የሚከተለው በስኩዌር ሩቱ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ 12 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ደካማ ብልጭታም ይህን ድብልቅ ማቀጣጠል ያቅተዋል። መፍትሔው ጠበብ ያለ የቤንዚን ማለፊያ መግጠም ነው። ነገር ግን ለአዲስ አበባ የጠበበው ያው ማለፊያ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የቀድሞውን ማለፊያ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይዞ ይሂድ።