«አባዬ፣ ቁጭ ይበሉ»

ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወጣ፣ ከደባርቅም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የደረሰን የፓርኪንሰን ታማሚ «በየሳምንቱ ተመለስ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች ከታማሚው ይልቅ የምናሠለጥነው አብሮት የመጣውን ልጅ ነው። ልጅ አባቱን ስለሚሳሳላቸው ክንዳቸውን ይዞ «አባዬ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እንዳይወድቁ» ይላል። ቁጭ ያለ ሰው ግን ጉልበቱም ሚዛኑም እየከዳው ይሄድና ለመውደቅ ይበልጥ ይጋለጣል።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት የሰውነትን ዝግታና ግትርነት ያላላል፤ ሚዛንን ግን እምብዛም አይመልስም። ሚዛን የሚመለሰው፣ የሚመለሰውን ያህል፣ ሲፈተን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 195 ታማሚዎች ለ24 ሳምንታት በሦስት ቡድን ተከፍለው ልምምድ ሲሠሩ፣ ክብደትን በዝግታ ከእግር ወደ እግር የሚያዛውረውን የቻይናውያን ታይ ቺ የሠሩት በሚዛን ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል።

ጎንደሬ ይህን ሲሰማ አቋቋም ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። አንድ መሪጌታ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ይዞ ይቀርባቸው ነበር፤ ልጃቸው ወደ ፊት በሳባቸው ቁጥር ደረታቸው ይቀድማል እንጂ እግራቸው አይነቃነቅም። ልጁን አስለቀቅሁና መቋሚያውን ሰጠኋቸው። ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም፣ በመቋሚያው ጫፍ ወለሉን መታ መታ። በሦስተኛው ምት ተረከዛቸው ተነሣ፤ ደፉን ተሻገሩ። ማሕሌት ፓርኪንሰንን ይፈውሳል አልልም። ምት እርምጃን እንደሚያስጀምር ግን በጥናትም የታወቀ ነው። መቋሚያ ያልለመደ ሰው በጭብጨባ ወይም በቆጠራ ይጀምር። ወለሉ ላይ በአንድ እርምጃ ልክ አመድ መስመር መስመር አድርጎ በትኖ፣ በየመስመሩ ላይ እየረገጡ መሄድም ይረዳል።

ብዙዎች የሚወድቁት ሲዞሩ ነው። ባሉበት መሽከርከር ይቅር፤ ሰፋ ብሎ በእርምጃ መዞር ይለመድ። ከመደብ በእጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣት፣ ግድግዳ ይዞ ወደ ጎን መራመድ፣ ሁሉም መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ ልጁ በጎን ለመያዝ ተዘጋጅቶ ቆሞ። ሲሄዱ ወሬ አያስጀምራቸው፤ ዕቃም አያሲዛቸው።

ዛሪማ ቆላ ነው፣ ላብ ያስወጣል፤ በዚያ ላይ ሕመሙም መድኃኒቱም አባት ብድግ ሲሉ የደም ግፊታቸውን ሊያወርዱ ይችላሉ። ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ ልምምዱን ከመጀመራቸው በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ።