የጎማ ነፋስና የነጋዴው ወጪ

ከማክሰኝት ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የሚያስጭን ነጋዴ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ያስመለክታል፤ ጆንያውን በእጁ ይዳብሳል፤ የኪራዩንም ዋጋ እስከ ሳንቲም ድረስ ይከራከራል። ጭነቱን በሙሉ ስለሚሸከመው ነፋስ ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ጎማ ክብደትን የሚችለው በላስቲኩ ብርታት ብቻ ሳይሆን፣ በይበልጥ በውስጡ በታመቀው ነፋስ ነው።

በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ነገር ተጎድቷል። ሽምብራ የጫነው መኪናችን አዘዞ ላይ ወደ መተማ ታጥፎ፣ አይከልንም አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ከሁለቱ መንታ ጎማዎች የውስጠኛው ነፋሱ ጎድሎ ኖሮ፣ የውጭው የሁለቱን ጭነት ብቻውን ተሸክሞ እየጋለ ሄዷል። ሾፌሩና ረዳቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ፤ ጭነቱ ግን ሌላ ጎማ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ቀን መንገድ ዳር ቆመ፤ ገዢውም ከሌላ ነጋዴ ገዛ። አሠሪዬ «ጎማውን ሳታይ ነው የወጣኸው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ሾፌሩ «ኧረ ጋሼ፣ በእግሬ መትቼ አይቸዋለሁ፤ ደኅና ነበር» አለ። አልዋሸም። ከመንታ ጎማ አንዱ ቢጎድል ሌላው ደግፎ ስለሚያቆመው በእግር በመምታት አይታወቅም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለነፋስ መለኪያ መግዣ የቀረበውን ወጪ «ለጊዜው አያስፈልግም» ብዬ በቀይ ቀለም የሠረዝሁት እኔ ነበርሁ።

ጎማ የሚለካው ማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስና ጎማው ሳይግል ነው። ልኩም የሾፌሩ ወይም የጎሚስታው ግምት ሳይሆን፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ እንደ ጭነቱ መጠን የወሰነው ቁጥር ነው። በጎማው ጎን የታተመው ከፍተኛ ቁጥር የጎማው ወሰን እንጂ ለማናቸውም መኪና የታዘዘ ልክ አይደለም።

በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ሲበልጥ፣ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። መለኪያው የሚያነበው የጎማውን ነፋስ ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ፣ መኪናው 1,000 ሜትር ሲወርድ አንድ ከግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል። በአንጻሩ ሙቀት ነፋሱን ያጠነክረዋል፤ በ100 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ የጭነት ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 4 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ይላል። አንዳንድ ሾፌሮች ይህን አይተው ቆላ ሲደርሱ ከጋለው ጎማ ላይ ነፋስ ይቀንሳሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሌሊት ሲበርድ ጎማው ከልኩ በታች ይሆናልና። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ደግሞ ሲሽከረከር ጎኑ እየታጠፈ ስለሚዘረጋ ይብሱን ይግላል። ስለዚህ ቆላ ያደረ መኪና በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ይለካ።

ጎማው እንዴት እንደተያዘ ከጥርሱ አበላል ይታወቃል። መካከሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቶበታል፤ ዳርና ዳሩ ከተበላ ጎድሎበታል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ግን ነገሩ የነፋስ አይመስልምና አላይመንቱ ይታይ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቤት መኪና የጎማው ጥርስ ከ1.6 ሚሊሜትር ካነሰ መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በጋውን እንደምንም ቢያሳልፍም፣ ሐምሌ ሲገባ ውኃ ላይ ይንሸራተታል።

ጎማ የምታስመጡና የምትሸጡ ባልንጀሮቻችንም ከመረከባችሁ በፊት የጎማውን ጎን አንብቡ። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኀዝ ይገኛል። ለምሳሌ 3522 ቢል፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራ ነው። ይህን ሳያይ የሚረከብ ሰው ያረጀ ላስቲክ በአዲስ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሚደረደር ጎማም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያረጃል።

በቤታችን አሁን መለኪያው ከጋቢናው አይለይም። ሾፌሩ ሲመለስ የየጎማውን ቁጥርና የለካበትን ቦታ ጽፎ ከነዳጁ ደረሰኝ ጋር ያስረክበኛል፤ የውስጠኞቹ ጎማዎች ቁጥር የሌለበትን ወረቀት አልቀበልም።