የፈረሰኞች ታሪክና የንባብ ደስታ

ሻሸመኔ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ እዚያ ሲደርስ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ ወደ ባሌ፣ አንዱ ወደ ወላይታ ይለያያል። እንዲህ ባለ ከተማ የሚገባው ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ ከስልቻው ጋር ታሪክም ይዞ ይገባል። ታሪክ ደግሞ ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ለሰው ቢሰጡትም ከባለቤቱ የማይጎድል ዕቃ ነው።

ለዚህ ነገር ከተማዪቱ ራስዋ ምስክር ናት። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ በይስሐቅ እጅ በግዕዝ የተዘጋጀውን ክብረ ነገሥት፣ ባጅ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1922 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወደ ቋንቋው መልሶ አሳተመው፤ መጽሐፉም ባሕር ተሻግሮ ተነበበ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ መሬት በባዕድ አገር ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሰጥተው ነበርና፣ ከጃማይካ መጥተው በዚያ የሰፈሩት የራስ ተፈሪ ወገኖች ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ክብረ ነገሥትን ያከብራሉ። እንግዲህ የአገራችን ታሪክ በሩቅ አገር ሰው ልብ ሲያድር ደስ ካሰኘን፣ የሩቅ አገርን ታሪክ ለደስታ ማንበብ ስለ ምን ነውር ይሆናል?

በፈረንሳይ አገር በ12ኛው መቶ ዓመት ክሬቲየን ዘትሯ የሚባል ባለቅኔ ነበረ። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የሊቃውንት ቋንቋ ላቲን ሲሆን፣ እርሱ ግን ሕዝቡ በሚናገርበት ቋንቋ የንጉሥ አርቱርን ፈረሰኞች ገድል በግጥም ጻፈ። ከነዚህም አንዱ የኢቨን ታሪክ ነው። ኢቨን የጀግንነት ጨዋታ ለመፈለግ ከሚስቱ የአንድ ዓመት ፈቃድ ተቀብሎ ሄደ፤ ነገር ግን ሙገሳ አስክሮት ቀኑን ረሳ። ሚስቱም መልእክተኛ ልካ ቀለበትዋን ባስመለሰች ጊዜ አእምሮውን ስቶ በዱር ተቅበዘበዘ፤ አንድ ባሕታዊም እንጀራ እየሰጠ አኖረው። ከዳነም በኋላ አንበሳና እባብ ሲታገሉ አግኝቶ አንበሳውን አዳነው፤ አንበሳውም እንደ ሎሌ ተከተለው። የዋልድባውን የአባ ሳሙኤልን አንበሳ በሥዕል ያየ ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

ኢቨን ክብሩን የመለሰው በሙገሳ አይደለም፤ የተበደለን በመርዳት ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ 300 ልጃገረዶች ራሳቸው ተርበውና ተራቁተው ለጌታ ሐር ሲሸምኑ አግኝቶ ነጻ አወጣቸው። ባለጉዳይን «ነገ ና» ብሎ ቃሉን የሚረሳ ሹም ቢኖር፣ ይህ ታሪክ ሳይቈጣው ይገሥጸዋል። ደስታን የሚሰጥ ንባብ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ተግሣጽን የሚጠላ ጆሮ እንኳ ጨዋታን ይሰማልና።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ንባብ አእምሮን ያስታል የሚሉ አሉ። የእስፓኙ ሰርቫንቴስ የፈረሰኞችን ታሪክ ቀንና ሌሊት ሲያነብ አብዶ ከነፋስ ወፍጮ ጋር ስለ ተዋጋ ሰው በ1605 ጽፎ ዓለምን አስቆአል። ነገር ግን የዚያ ሰው ጥፋት በንባብ መደሰቱ ሳይሆን ሰሙን ከወርቁ አለመለየቱ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሰምን ሰም፣ ወርቅን ወርቅ ማለት ስለ ተማረ ለዚህ ንባብ ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው።

ደግሞም እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የእስክንድር ታሪክ ከጽርእ ተነሥቶ በሁለት መንገድ ሄዶአል። ባንዱ መንገድ በላቲን በኩል ፈረንሳይ ገባ፤ በዚያም እስክንድር በልግስናው የሚመሰገን፣ በክንፋም አራዊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ በብርጭቆ በርሜል ወደ ባሕር የሚወርድ ጌታ ሆነ። ግጥሙም በየስንኙ 12 ቀለም ስለ ነበረው፣ ፈረንሳዮች ያንን ዜማ እስከ ዛሬ በእስክንድር ስም ይጠሩታል። በሌላው መንገድ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ በዚህም እስክንድር እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ጎግንና ማጎግን በደጅ የሚዘጋ፣ ሄኖክንና ኤልያስን የሚያገኝ ንጉሥ ሆነ። ፈረንሳይ ለመኳንንቱ ልግስናን፣ ኢትዮጵያ ለነገሥታቱ ንጽሕናን ከአንድ ሰው ታሪክ ቀዱ።

ባጅ ይህን የግዕዝ ታሪክ በ1896 ያሳተመው በሎንዶንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት ብራናዎች ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የፈረንሳዩና የግዕዙ እስክንድር፣ በፓሪስ ባንድ ጣራ ሥር ተገናኝተዋል ማለት ነው። በሻሸመኔ ያለው ተማሪ ግን አንዱንም ሳያውቅ እንዳይቀር ያስፈልጋል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የኢቨንን፣ ግዕዝ የሚያውቅ የእስክንድርን ታሪክ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢያወራለት፣ ልጁ በጨዋታ ጀምሮ በማስተዋል ይፈጽማል። ተገድዶ ያነበበ ፈተናው ሲያልፍ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ደስ ብሎት ያነበበ ግን ሌላውን መጽሐፍ ራሱ ይፈልጋል።