ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ መዘዝ

በበጋ ወራት የዋግ ኽምራ አርሶ አደር እጅ ከእሾህ አይለይም። ለበረትና ለጓሮ አጥር ግራርና ቁርቁራ ይቆርጣል፤ በተፋሰስ ልማት ድንጋይ ይፈነቅላል፣ እርከን ይሠራል። በዚህ መሀል ጣቱን እሾህ ወይም የዛገ ሽቦ ቢወጋው ደሙን በልብሱ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ጉዳቱም ትንሽ ይመስለዋል።

የተወጋ ቁስል ግን ከተቆረጠ ቁስል ይለያል። ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል፤ አፉ ቶሎ ይገጥማል። በጣት መዳፍ በኩል ጅማቱ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። የጅማቱ ሽፋን ከተመረዘ ጣቱ ደርቆ ሊቀር፣ ብሎም ሊቆረጥ ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርምም በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር በማይደርስበት ቁስል ይራባል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ይታያል፤ ያኔ ቁስሉ ድኖ ሊሆን ይችላል።

አበው «እሾህን በእሾህ» ይላሉ። ምክሩ ለጠላት ይሠራ ይሆናል፤ ለጣት ግን አይሆንም። በእሾህ ወይም በወረንጦ ጫፍ መቆፈር ቁስሉን ያሰፋል፣ ስባሪውንም ወደ ውስጥ ይገፋል። ጫፉ የሚታይ እሾህ በገባበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይነቀል። ቀለበት ካለ እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። ቁስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ለ10 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን። እበት፣ አፈርም ሆነ ቅጠል አይደረግበት።

ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ቁስሉ አፈር ወይም እበት የነካው ከሆነና የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ተጨማሪ ክትባት ያስፈልጋል። ሴቶች ክትባቱን በእርግዝና ክትትል ወቅት ያገኙታል፤ ብዙ ጎልማሳ ወንዶች ግን ተከትበው አያውቁም።

ባለሙያው ጣቱ መታጠፍና መዘርጋቱን፣ ጫፉም ስሜት እንዳለው ይመረምራል። በአሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አለን ካናቬል ስም የሚጠሩ 4 የአደጋ ምልክቶች አሉ፤ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ያብጣል፣ ታጥፎ ይቀራል፣ በጅማቱ መስመር ሲነካ ያማል፣ ሲዘረጉትም ሕመሙ ይብሳል። እነዚህ የታዩበት ሰው ሳያድር ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሌላ ሆስፒታል መላክ አለበት። ብረት በኤክስሬይ ይታያል፤ የእንጨት እሾህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ኤክስሬይ «ምንም የለም» ቢል እንኳ የወጋው ነገር ምን እንደነበር መናገር ያስፈልጋል።

ጽሑፉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የትኛው እጅ፣ የትኛው ጣት፣ ምን፣ መቼ እንደወጋው፣ ስባሪ ስለመቅረቱ፣ የተሰጠው ሕክምናና የክትባቱ ቀን በካርድ ላይ ይስፈር። ከሦስት ቀን በኋላ የሚያየው ሐኪም ከግምት ይድናል፤ ተጎጂውም በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ ላይ ሲቀር ማስረጃ ይኖረዋል።

የወረዳ አመራሮችም ለተፋሰስ ሥራ አካፋና ዶማ ሲያከፋፍሉ ጓንት፣ ሳሙናና አንድ የጉዳት መመዝገቢያ ደብተር ቢጨምሩ ወጪው ትንሽ ነው። አርሶ አደር ጣቱን ካጣ ግን ሞፈር መጨበጡም፣ ማጭድ መያዙም ይቸግረዋል።