ልጃችንን ከደረሰበት እናስጀምር

ወይፈን ገና ሳይገራ ቀኑን ሙሉ እረስ አይባልም። መጀመሪያ ቀንበር ይለምዳል። ቀጥሎ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ጥቂት ትልም ይሄዳል። ለሙሉ ሥራ የሚታመነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ልጅ ስናስተምር ግን ይህን እንረሳለን። ልጁ ፊደል ሳይለይ ሁለተኛ ክፍል ይገባል። ቃል ሳያነብ ሦስተኛ ክፍል ይገባል። መምህሩ የክፍሉን መጽሐፍ ገልጦ ያስተምራል። ልጁ ከሰሌዳው እየገለበጠ ደብተሩን ይሞላል። የጻፈውን ግን አያነበውም።

ይህ የአንድ ቤት ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የንባብ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ያህል አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም።

ታዲያ ምን ይበጃል? ብዙ ገንዘብ የሌለው አገር ምን ማድረግ ይችላል? ይህን ሌሎች አገሮችም ጠይቀዋል። ያገኙትን መልስ እንንገራችሁ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

መጽሐፍ ብቻውን

በ1988 ዓ.ም. ገደማ በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያ አካባቢ፣ ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ታደሉ። መጽሐፍ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም ልጆቹ ሲፈተኑ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። ለምን? መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። መጽሐፉ እጃቸው ገባ፤ ልባቸው ግን አልገባም።

የልጅ ወዳጅ

በህንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት አለ። በ1987 ዓ.ም. በሙምባይ ከተማ ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ከየሰፈሩ ወጣት ሴቶችን መረጠ። የተመረቁ መምህራን አይደሉም። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ናቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ሠለጠኑ። «ባልሳኪ» ተባሉ። የልጅ ወዳጅ ማለት ነው።

ባልሳኪዋ ወደ ኋላ የቀሩትን የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ትይዛለች። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ልጆች ይሆናሉ። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ከፊደልና ከቁጥር ጀምራ ታስተምራቸዋለች።

ሥራው በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ተጠና። ይበልጥ የተሻሻሉት በጣም ወደ ኋላ ቀርተው የነበሩት ልጆች ናቸው። ወጪውስ? ለአንድ ልጅ በዓመት ከ2 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። በቫዶዳራ ሌሎች ልጆች ሒሳብን በኮምፒዩተር ተማሩ። እነርሱም ተሻሻሉ። ግን ለአንድ ልጅ 15 ዶላር ገደማ ወጣ።

ስብሰባ ብቻ አይበቃም

በ1998 ዓ.ም. በህንድ ገጠር፣ ጆንፑር በሚባል አውራጃ፣ ሦስት ዓይነት ሙከራ ተደረገ።

በአንዳንድ መንደሮች ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ ትምህርት ተነጋገረ። በሌሎች መንደሮች ከስብሰባው ሌላ ነዋሪዎች ልጆቹን አስነበቡ፤ ማን እንደሚያነብ ማን እንደማያነብ መዘገቡ። በቀሩት መንደሮች ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ለጥቂት ቀን ሠለጠኑ። ከትምህርት ሰዓት ውጭም ልጆችን ማንበብ አስተማሩ። ደመወዝ አልተከፈላቸውም።

ውጤቱ ምን ሆነ? በመጀመሪያዎቹና በሁለተኛዎቹ መንደሮች የልጆች ንባብ አልተለወጠም። በሦስተኛዎቹ ግን ፊደል የማያውቁ ሆነው ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ፊደል ለዩ። ጉድለትም ነበረ። ማንበብ ከማይችሉት ልጆች ወደዚያ ንባብ የመጡት ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ሥራው ወደ ትምህርት ቤት ገባ። በ2006 ዓ.ም. በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በችሎታቸው ተመደቡ። በድምሩ 50 ቀን ገደማ ተማሩ። በመጨረሻ ግማሽ ያህሉ አንቀጽ ወይም አጭር ታሪክ አነበቡ። ይህ ባልተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ያነበቡት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኔታ ዘንድ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው ንባብ ይዟል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ነው። ከፍ ያለው ታናሹን ያስጠናዋል። በቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው። ልጅ የሚማረው እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ደረሰበት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. ልጃችሁን አስነብቡ። በአንድ ወረቀት ላይ አሥር ፊደል፣ አምስት ቃል፣ አንድ አረፍተ ነገርና አጭር ታሪክ ጻፉ። «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ሴት ልጃችሁንም አትርሱ። የት ላይ እንደቆሙ ልብ በሉ።

2. አትቆጡ፤ አትሳቁበትም። ያፈረ ልጅ አለማወቁን ይደብቃል።

3. ከቆመበት አስጀምሩት። ፊደል ያልለየውን ፊደል አስቆጥሩት። ፊደል የለየውን ቃል አስነብቡት።

4. ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። እኩል የሚችሉትን ልጆች በአንድነት ሰብስቡ። ከመንደሩ ማንበብ የሚችል ወጣት ምረጡ። ከብት ከገባ በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያስተምራቸው።

5. መምህሩን አነጋግሩ። «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ብቻ አትበሉ። «ልጄ ምን ማንበብ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

6. ወር ሲሞላ እንደገና አስነብቡት። ካልተሻሻለ አሠራራችሁን ለውጡ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ጊዜ ነው። «እኔ ራሴ ገና ተማሪ ነኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንኳን ሆናችሁ! ከፊደል ጀምሮ መማር ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ይህን ገጽ ካነበባችሁ ልጃችሁን ማስነበብ አያቅታችሁም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? ዛሬ ማታ በአሥር ፊደል ጀምሩ።

ተወያዩበት

በኬንያ የታደሉት መጻሕፍት ሁሉንም ልጆች ያልጠቀሙት ለምንድነው?
በጆንፑር ስብሰባ ብቻውን ለምን አልበቃም?
በመንደራችን ልጆችን ማስነበብ የሚችል ማን አለ?