ጨውና ዳጉ በአፋር ምድር

የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፏል። ሜዳውን የሸፈነው ጨው በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደዚህ እየገባ ሲተን የቀረ ነው። ጨው ቆፋሪዎች ዛሬም በመጥረቢያና በእንጨት ዘንግ እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ አሞሌ ያወጣሉ። አሞሌ በአገራችን ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ጨው ነው። መኪና ከገባ ወዲህ ጨው የሚያጓጉዘው የግመል ቅፍለት ቀንሷል።

ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ዳጉ የተባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም እንኳ፣ ቆም ወይም ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹስ? ሰላም ነው? በአካባቢው ያለፈ እንግዳ አለ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፤ ሐሰት የሚያወራ ሰው አመኔታ ያጣል። ውኃና ሣር ፍለጋ ለሚዘዋወር አርብቶ አደር የተሳሳተ ወሬ ከብቶቹን ሊያስጨርስበት ይችላል። አሁን ዳጉ በሞባይል ስልክም ይካሄዳል።